የአባቴን ካንሰር ስቀልብ

የአባቴ ካንሰር ከአባቴ የተሻለ ይበላ ነበር። ሁለቱንም በቅርብ ስለማውቃቸው ማነጻጸር እችላለሁ። አባቴ አብዛኛው ጨጓራው ተቆርጦ ከወጣ ወዲህ ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ መብላት ነበረበት። እናቴ ሳህን ይዛ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት በረንዳ ስትከተለው እሱ "ጠግቤያለሁ አልኩ እኮ" እያለ ይሸሻታል። ካንሰሩ ግን እኔ በምሠራበት ላቦራቶሪ፣ የሰው ገላ ያህል በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ተንደላቆ ይኖራል። ስኳሩ ተመጥኖ፣ ጨዉ ተለክቶ፣ ከጥጃ ደም የተጣራ ውሃ ተጨምሮበት ይቀርብለታል። አንድም ቀን ጠግቤያለሁ ብሎ አያውቅም።

እኔ እጅ የገባው በአጋጣሚ ነው። በሽተኛው ከፈቀደ፣ በቀዶ ሕክምና ከሚወጣ የጨጓራ ዕጢ ላይ ቁራጭ ተወስዶ ወደ እኛ ይላካል። ስም አይጻፍበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። እኛ ቁራጩን ከትፈን ሴሎቹን ብልቃጥ ውስጥ ለማሳደግ እንሞክራለን። አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም። ሰው ሆድ ውስጥ ስንቱን ሲያስጨንቅ የኖረ ዕጢ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ አንገቱን ይደፋና ይሞታል። አባቴ ኦፕራሲዮን በሆነበት ቀን የመጣልን ዕጢ አንድ ብቻ ስለነበር የማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አላስፈለገኝም።

ለአለቃዬ ለዶክተሯ ወዲያው ነገርኳቸው። "ይሄ የአባቴ ነው፣ ሌላ ሰው ይያዘው" አልኩ።

ዶክተሯ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። "ማን?" አሉ። ሌላዋ ባልደረባዬ ወልዳ ቤቷ ተኝታለች። "ለማንኛውም መሞቱ አይቀርም፤ አታስቢ" ብለው አጽናኑኝ።

አልሞተም። ሌሎቹ ብልቃጦች በሙሉ አንድ በአንድ ሲያሸልቡ የአባቴ ዕጢ የብልቃጡን ወለል ሞላው። ወደ ሁለት ብልቃጥ ከፈልኩት፤ ሁለቱንም ሞላ። ግትርነቱን ከየት እንዳመጣው መገመት አያቅተኝም። ትንሽ ትርፍ ሲገኝ በሁለት ጠባብ ብልቃጦች አድርጌ ፈሳሽ ናይትሮጂን ጋን ውስጥ አቀዝቅዤ ለክፉ ቀን አስቀመጥኩ። እንዲህ ማድረግ ደንብ ነው፤ ክፉ ቀን የሚባለው ለማን እንደሆነ ግን ደንቡ አይናገርም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በከተማ አውቶብስ ስምሪት ክፍል ነው። የትኛው አውቶብስ በየትኛው መስመር፣ ከየትኛው ሹፌር ጋር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነበር። ሹፌሮቹ "ደቂቃ" ይሉታል፤ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ሞተር ካስነሱ በኋላ። ጡረታው ሲደርስ ይራዘምልኝ ብሎ ነበር። "ወጣቱም ይሥራ እንጂ" ብለው አለቆቹ የግድግዳ ሰዓት ሸልመው ሸኙት። ሰዓቱን ሳሎን ሰቅሎታል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ስለ ብልቃጡ ለቤተሰብ የመናገር ሐሳብ አልነበረኝም። ግን አንድ እሁድ ምሳ ላይ አባቴ ገና ሦስተኛ ጉርሻው ላይ ሳህኑን ሲገፋ ቱግ አልኩና "ካንሰርህ እንኳ ካንተ የተሻለ ይበላል!" አልኩት።

እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። "የቱ ካንሰር?"

"የወጣው።"

"ወጥቶ የት ሄደ?"

"እኛ ጋ ነው ያለው። ላቦራቶሪ።"

"አንቺ ልጅ፣ ያን ያህል ተለምኖ የወጣን ነገር አንቺ ታበዪዋለሽ?"

"ሥራዬ ነው፣ እማዬ።"

"ሥራ ጠፍቶ ነው?" አለች እናቴ። ለኔ ሳይሆን ለሾርባው ነው የተናገረችው።

አባቴ የገፋውን ሳህን ትንሽ ወደ ራሱ ሳበና "ደህና ነው?" ሲል ጠየቀ።

"ማን?"

"እሱ።"

"ደህና ነው" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።

በማግስቱ ላቦራቶሪው ድረስ እንደሚመጣ አስታወቀ። አባቴ አስታወቀ ማለት ተወሰነ ማለት ነው።

ዶክተሯ ላቦራቶሪ ውስጥ እንግዳ አይወዱም፤ አባቴ ግን ጫማውን አስጠርጎ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሰፋበትን ሱፍ ለብሶ በሩ ላይ ሲቆም "ግቡ አባባ" ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ነጭ ጋውን አለበስነው። በሱፉ ላይ ጋውን፣ በአጥንቱ ላይ ሱፍ፤ ሰውዬው ራሱ የት እንዳለ ለመፈለግ ጊዜ ይወስዳል። ማይክሮስኮፑ ላይ ብልቃጡን አስተካከልኩና አስጎነበስኩት።

ረጅም ጊዜ አየ። "የትኛው ነው እሱ?"

"የምታየው ሁሉ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ሲያዩዋቸው ጨዋ ይመስላሉ። ተራቸውን ጠብቀው፣ ተጠጋግተው" አለ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። "የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ። መቼ ነው የሚያረጁት?"

"አያረጁም።"

ከማይክሮስኮፑ ቀና አለ። "እንዴት ሆኖ?"

ነገርኩት። ሴል ውስጥ ያሉት የዘር ክሮች ጫፋቸው ላይ መከላከያ አላቸው። ጤነኛ ሴል በተከፈለ ቁጥር ያ ጫፍ ጥቂት ጥቂት ያጥራል፤ በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፈሉን ያቆማል። ያጠረውን ጫፍ መልሶ የሚቀጥል ቴሎሜሬዝ የሚባል ነገር አለ። በአብዛኛው ጤነኛ የሰውነት ሴል ውስጥ ተዘግቶ የሚቀመጥ ነው። በአብዛኛው የጨጓራ ካንሰር ውስጥ ግን ተከፍቶ ሲሠራ ይገኛል። ስለዚህ ካንሰሩ ቢከፈል ቢከፈል ጫፉ አያልቅበትም፤ በቃህ የሚለው የለም።

አባቴ እጁን ኋላው አጣምሮ አሰበበት። "የጡረታ ጊዜው በደረሰ ቁጥር የሚያራዝምለት አለ ማለት ነው።"

"እንደሱ በለው።"

"ሰው ኃይል ክፍል ዘመድ አለው።"

"በግምት" አሉ ዶክተሯ።

አባቴ ብልቃጡን በክፉ ዓይን አየው። የታመመ ሰው በሕመሙ ሲናደድ ብዙ አይቻለሁ፤ በሕመሙ ሲቀና ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ሐኪሙ አባቴ ኬሞ እንዲወስድ አዝዞ ነበር። ዕጢው ቢወጣም በዓይን የማይታይ ፍርፋሪ ሆዱ ውስጥ ተርፎ ሊሆን ይችላል፤ ከተረፈ ደግሞ ያው ቴሎሜሬዙን ታጥቆ ነው የሚተርፈው። አባቴ እምቢ አለ። "ወጥቷል። ለሌለ ሰው መድኃኒት አልወስድም" አለ። ሐኪሙ ሥዕል ሣለለት፣ እናቴ ለመነችው፣ እኔ ተቆጣሁት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እኔ ውስጤ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን መድኃኒት ካልወሰደ ይሞትብኛል። ግን በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አፍ አውጥቶ አይነገርም። በቤታችን ሰው የሚወደውን ሰው ይነዘንዛል፣ በዚያው ይበቃል።

"ታዲያ ምን ልታደርጉት አሰባችሁ?" አለ አባቴ፣ ጋውኑን እያወለቀ።

"ቴሎሜሬዙን የሚዘጋ መድኃኒት ልንሞክርበት ነው" አሉ ዶክተሯ። "አንዱ ብልቃጥ ይሰጠዋል፤ ሌላው ለማነጻጸር ሳይሰጠው ይቀመጣል።"

"ከዚያ ይሞታል?"

"ቶሎ አይደለም። መጀመሪያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። መቀጠያው ስለተዘጋበት በተከፈለ ቁጥር ጫፉ ያጥራል፤ ሲያጥር፣ ሲያጥር ከብዙ ሳምንት በኋላ ያቆም ይሆናል። ላይሆንም ይችላል፤ ለዚያ ነው የምንሞክረው።"

"ለሰውስ?"

"ለጨጓራ ካንሰር ገና ነው፣ አባባ። ለእርስዎ የታዘዘው ሌላ ነው፤ እሱ የሚሠራበት መንገድ የተለየ ነው።"

"መስመሩ ይለያያል፣ መድረሻው አንድ ነው" አለ አባቴ። እሱን የገዛው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። "መቼ ነው የሚጀምረው?"

"ማክሰኞ ጠዋት።"

"እንግዲያው እኔም ማክሰኞ ጠዋት እጀምራለሁ። እሱ መድኃኒቱን እየዋጠ እኔ ፈራሁ ልባል?"

ሐኪሙ፣ እናቴና እኔ ያቃተንን ካንሰሩ በአንድ ጠዋት አሳመነው። ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

አንድ ነገር ግን አስገድዶ ቃል አስገባኝ። የእሱ ኬሞ በሚሰጥበት ማክሰኞ ሁሉ ብልቃጡም በዚያው ሰዓት መድኃኒቱን እንዲያገኝ። "መነሻችን እኩል ይሁን፣ ኋላ ቀደመኝ እንዳይል" አለ። ስለዚህ እሱን ሆስፒታል የምታደርሰው እናቴ ናት፤ እኔ ላቦራቶሪ ከብልቃጡ ጋር እሆናለሁ። ጠዋት ስልኬ ይጮሃል።

"ጀመርሽለት?"

"ጀመርኩለት።"

"እኔም ተሰክቶልኛል" ይልና ይዘጋል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የውርደት ነበሩ። አባቴ ጸጉሩ ረገፈ፣ ምላሱ ቆሰለ፣ ውሃ እንኳ ብረት ብረት አለው። ብልቃጡ ግን መድኃኒቱን እየወሰደ ይፋፋል። አባቴ ሁልጊዜ ይጠይቃል፤ እኔም እንደሆነው እነግረዋለሁ።

"እንዴት ዋለ?"

"እየተከፈለ ነው።"

"እየወሰደ?"

"እየወሰደ። ይቆያል ብለውህ የለ?"

"የኔ ጸጉር አለቀ። የሱስ?"

"ጸጉር የለውም፣ አባዬ።"

"አየሽ" ይላል፣ "ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው።"

እናቴ ይህን ወሬ መስማት አትፈልግም። ስለ ብልቃጡ በተነሳ ቁጥር ከክፍሉ ትወጣለች፤ ሩቅ ግን አትሄድም። አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ አስጠግታ "ያ ነገር ያሸታል?" ብላ ጠየቀችኝ። አይሸትም አልኳት። "ይሻላል" አለች። ምኑ እንደሚሻል አላውቅም።

ከዚያ ጊዜው ደረሰ። አንድ ጠዋት መድኃኒት የሚወስደውን ብልቃጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ሳደርግ ሴሎቹ ተለውጠዋል። ሰፍተዋል፣ ተንጣለዋል፣ መሐላቸው ክፍት ቦታ ይታያል። በዚያ ሳምንት ብልቃጡ አልሞላም። ዶክተሯን ጠራኋቸው፤ አይተው ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ፤ እሳቸው ሲደሰቱ ሻይ ነው የሚያፈሉት። ቀጥሎ አባቴ ጋ ደወልኩ።

"እያረጀ ነው" አልኩት።

አፉን ከስልኩ አራቀ። ከዚያ "እንቁላል አለ?" ብሎ እናቴን ሲጠይቅ ሰማሁት። አንድ ሙሉ እንቁላል በላ። እናቴ ዛጎሉን አስቀምጣ ማታ አሳየችኝ።

ሁለት ዙር ኬሞ ሲቀረው ሻጋታ ገባብን።

ቅዳሜና እሁድ ማን የማሞቂያውን ሳጥን በር ገርበብ አድርጎ እንደተወው እስካሁን አልታወቀም። ሁላችንም የምንጠረጥረው ሰው አለ፤ ግን እያንዳንዳችን የምንጠረጥረው የተለያየ ሰው ነው። ሰኞ ስከፍተው ብልቃጦቹ ውስጥ ነጭ ጥጥ የሚመስል ነገር ተንሳፍፏል። መድኃኒት የወሰደውም ያልወሰደውም፣ ያረጀውም ያላረጀውም፣ እኩል ተበልቷል። ቴሎሜሬዝ ከእርጅና እንጂ ከሻጋታ አያድንም። ደንቡ እንደሚያዘው ሁሉንም በበረኪና ሞላሁና ሳጥኑን ቀኑን ሙሉ ሳሽ ዋልኩ።

ለአባቴ ነገርኩት። አለመንገር አልቻልኩም፤ ማታ በር ላይ ቆሞ "እንዴት ዋለ?" ይለኛል።

"ሞቷል" አልኩት። "ሻጋታ በላው።"

ዘንድሮ አይቼበት የማላውቀው ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ። "ጡረታ አልወጣም የሚል ሁሉ እንዲህ ነው" አለ። "ወንበሩ ላይ እንዳለ ይሻግታል።" ከዚያ ወደ ኩሽና ዞሮ "አንቺ! ሞተ እኮ!" ብሎ ጮኸ።

ማክሰኞ ደረሰ። አባቴ ሱፉን ለበሰ፤ እናቴ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። እሱ ግን ከግቢው ወጥቶ ወደ ሆስፒታል በሚወስደው ሳይሆን ወደ መናፈሻው በሚወስደው መንገድ ተጠመዘዘ። ሲመለስ ምሳ ሰዓት አልፏል። ለማን ነው የምወስደው፣ አለቀ እኮ አለ።

"ያለቀው ብልቃጥ ውስጥ የነበረው ነው!" አልኩት ማታ።

"አንድ ቤተሰብ አይደሉም? አንዱ እንዲያ ከሆነ የቀረው ምን ልብ ይኖረዋል?"

"አባዬ፣ ሴል ለቅሶ አይደርስም!"

"ለዚህ ነው ክፉ የሆነው" አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

እልህ ያዘኝ። ፍርሃትም ነበር፤ በቤታችን ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል። በዚያው ቁጣ ላይ እያለሁ ናይትሮጂን ጋን ውስጥ ያሉት ሁለት ብልቃጦች ትዝ አሉኝ። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ አባቴ ለራሱ ብሎ አይሄድም፣ ለኛም ብሎ አይሄድም፣ የሚሄደው ለባላንጣው ነው። ስለዚህ ባላንጣውን ከሞት ማስነሳት ነበረብኝ።

ዶክተሯ ወዲያው ፈቀዱ፤ ጥናታቸውም ቆሞ ነበርና። ለአባቴም በረዶ ውስጥ የቀረ እንዳለና ላስነሳው እንደሆነ ነገርኩት። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ከጋኑ አውጥቼ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እያወዛወዝኩ አቀለጥኩት። ወደ አዲስ ብልቃጥ ገለበጥኩት፤ ትኩስ ምግብ ጨመርኩለት። በሕይወት ያለ ሴል በማግስቱ የብልቃጡን ወለል ይዞ ይገኛል፤ የሞተው ይንሳፈፋል። ሳጥኑን ዘጋሁና ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ ጸለይኩ። የጨጓራ ካንሰር እንዲጸናልኝ የጸለይኩ የመጀመሪያዋ ሰው ሳልሆን አልቀርም። እግዜር ጥያቄውን ተሳስቼ ያቀረብኩ መስሎት ከሆነ አልፈርድበትም።

በማግስቱ ሁሉም ተንሳፍፏል።

ሁለተኛውን አቀለጥኩ። የበለጠ ተጠነቀቅኩ፣ የበለጠ ጸለይኩ። እሱም ተንሳፈፈ። ኋላ ስናጣራ ናይትሮጂን የሚሞላልን መኪና አንድ ጊዜ ዘግይቶ ጋኑ ጎድሎ እንደነበር ተደረሰበት። አያረጅም፣ አይሞትም የተባለው ሴል መኪና ስለዘገየ ሞተ። አባቴ በስምሪት ክፍል ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጓንቴን እንኳ አላወለቅኩም። በዚህ መሐል እናቴ ደወለች።

"ምነው ድምፅሽ?"

"ሞተብኝ፣ እማዬ።"

እናቴ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ እሪ አለች። ከኋላዋ የአባቴ ድምፅ "ማነው የሞተው? ማነው?" ሲል ይሰማኛል።

"ካንሰሩ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ካንሰሩ ነው የሞተው!"

እሪታው ቀጥ አለ። "ለሱ ነው የምታለቅሺው?"

"አዎ።"

"አባትሽ እዚህ ቁጭ ብሎ?"

"አዎ።"

"ልጄ" አለች፣ "ምሳ በልተሻል?"

ሐኪሙን ለምኜ ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ሌላ ቀጠሮ አስያዝኩ። ሐሙስ ማለዳ ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳ ላይ በነጠላ ጫማ ተቀምጦ የሚያልፉትን አውቶብሶች ይቆጣጠራል።

"ዘግይቷል" አለ፣ አንዱን እያየ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "እህ? ያ በረዶ ውስጥ የነበረው አልተነሣም አሉ?"

"አልተነሣም። ሁለቱም ሞተዋል።"

"ብዬሽ ነበር።"

"አባዬ፣ አልዋሽህም። ሆድህ ውስጥ የተረፈ ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም። ካለ ግን በራሱ አያቆምም። ሻጋታም አይመጣለትም፣ መኪናም አይዘገይበትም። ደህና አድርገህ የምታሞቀው አንተ ነህ።"

"እንግዲህ ለሌለ ሰው..."

"ለሱ አይደለም!" ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። እናቴ ሳህኗን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። "ለሱ ብለህ አትሂድ። ለኔ ብለህ ሂድ። እንዳትሞትብኝ ፈርቻለሁ። ከታመምክ ጀምሮ ፈርቻለሁ። እወድሃለሁ፣ እንድትሞት አልፈልግም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ብልቃጥም የለኝም፣ የማሳይህም ነገር የለኝም።"

ሌላ አውቶብስ አለፈ። አባቴ በሰዓቱ ይሁን አይሁን አላየውም። ነጠላ ጫማውን ነው የሚያየው።

"ይሄን መጀመሪያውኑ ለምን አላልሽኝም?" አለ።

"ትስቅብኛለህ ብዬ።"

ነገሩን ከሁሉም አቅጣጫ አየው። "እስቅብሽ ነበር" አለ። ግን አልሳቀም። "ካልሲዬን አቀብዪኝ።"

እናቴ ካልሲውን ከኔ ቀድማ አመጣች። እሷ ቤት ቀረች፤ ዛሬ አንቺ ውሰጂው አለችኝ። መንገድ ላይ ታክሲው ሁለት ጊዜ መስመር ስቷል ብሎ ሹፌሩን ገሠጸው፤ ሹፌሩም አመሰገነው።

ሆስፒታል ኬሞ ወደሚሰጥበት ክፍል ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። የተደገፉ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ በየወንበሩ ሰው፣ በየሰዉ አጠገብ አስታማሚ። አባቴ የራሱን ወንበር ያውቀዋል፤ ሳይመሩት ሄዶ ተቀመጠ። ነርሷም ታውቀዋለች።

"ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ብንጠብቅዎት ቀሩ" አለችው።

"ለቅሶ ነበረብኝ።"

"ውይ። እግዜር ያጽናዎት። የቅርብ ሰው ነው?"

"አብረን ኖረናል" አለ አባቴ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

ነርሷ ከንፈሯን መጠጠችና ደም ሥሩን መፈለግ ጀመረች። አንዱን ሞከረች፣ አመለጣት፤ ሌላውን ሞከረች። መርፌው ሲገባ አባቴ ዓይኑን ጭምቅ አድርጎ ጨፈነ፣ የወንበሩንም እጀታ ያዘ። እስከዚያ ቀን ድረስ መርፌ እንደሚፈራ አላውቅም ነበር። ስልክ ላይ "ተሰክቶልኛል" ሲለኝ ድምፁ ሁልጊዜ ደህና ነበር።

እኔ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜያለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ በዚህ ሰዓት የምሮጠው ወደ ሌላ ቦታ ስለነበር መቀመጥ አልመጣልኝም።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። ጠብታው መውረድ ጀምሯል። አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ዛሬ የምታበዪው የለሽም?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው ተቀመጪ" አለ።